ጓንቱን አውልቂ

ጥቅምት 9

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው እጅ ነው። ቃሉ ግን የኔ የአጎትሽ ነው። የራሱን እንዳይቀላቅልበት አጠገቡ ተቀምጬ እየጠበቅሁት ነው።

ለእህቴ ልጅ፣ ለአመዴ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ በቀን አንዴ ከኔ ጋር ካልተጣላች ያማታልና እስካሁን አላመማትም። ባለሽበት በሰው አገር እግዜር ይጠብቅሽ፣ ከክፉ በሽታና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ «እንደ ንጋት ኮከብ የምትናፍቂን» የሚል ይግባ ብሎኝ ነበር። አይገባም አልኩት። ኮከብ ስትሆኚ አይቼ አላውቅም፤ እኔ የማውቅሽ ከእግር እስከ ራስሽ ጀሶ ለብሰሽ፣ ዓይንሽ ብቻ ሲቁለጨለጭ ነው። አመዴ ያልኩሽም ለዚያ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አስነበብኩት። የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ሠራተኞች ማኅበር ወደ ሁለተኛ ዓመት ተለማማጅነት አሳልፎሻል። ቀን ሥራ ላይ፣ ማታ ክፍል ውስጥ፤ ስትጨርሺ የሙሉ ባለሙያ መታወቂያ። ጥሩ። በኔ ጊዜ ማኅበር የለ፣ መታወቂያ የለ። ሥራህን አሳይ ስባል የለሰንኩትን ግድግዳ ነበር የማሳየው። ማኅበርሽን ግን አልንቅም። እኔም ከኋላዬ የሚቆም ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ስንቱን አለቃ ልክ አስገባው ነበር።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ግድግዳሽ ፊት ለፊት ሲያዩት ያምራል፤ አሰልጣኙ መብራት ከጎን ሲያበራበት ግን ሞገድ ያወጣል፣ ምን ላድርገው ነው ያልሽው። ስሚኝ። ያንን ሞገድ ዓይን አያገኘውም። ውሃ ልክም አያገኘውም። የሚያገኘው እጅ ነው። ልስኑ ጠንከር ሲል፣ ሳይደርቅ፣ መዳፍሽን ዘርጊና ከላይ እስከ ታች ውሰጂው። ዓይንሽን ጨፍኚ። እብጠቱ ጋ ስትደርሺ እጅሽ ራሱ ይቆማል። እዚያ ላይ በካዞላሽ ጠፍጣፋ ብረት ላስ አድርገሽ ታልፊያለሽ።

ታዲያ ይህን በጓንት እንዴት አድርገሽ ትሰሚዋለሽ? አሰልጣኙ ጓንት አድርጉ ይለናል ብለሻል። እሱ የሚጨነቀው ማኅበሩ እንዳይጠይቀው ነው፤ እኔ የምጨነቀው ለግድግዳው ነው። ጓንቱን አውልቂ። መጀመሪያ ሲሚንቶው ያቃጥልሻል። እኔንም አቃጥሎኛል። ከዚያ እጅ ይለምዳል፣ ቆዳው ወፍሮ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። አሰልጣኙ ከተቆጣሽ ዞር ሲል አውልቂ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የዚያ አገር ካዞላ ብረቱ ቀጭን ነው፣ እንደ ቅጠል ይታጠፋል ይላሉ። ሰው ስታገኚ አንድ ላኪልኝ። ልሠራበት አይደለም፤ ጉልበቴ ከመወጣጫ ላይ ካወረደኝ ቆየ። ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ድሮ አብረውኝ የሠሩት መጥተው ያዩትና ይቃጠላሉ።

አጎትሽ።


ኅዳር 24

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ለሚያነቡልዎ ለልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ የንጋት ኮከቡ ቢገባ ኖሮ እኔ አልጠላም ነበር።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። የምንለስነው የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ግድግዳው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል፣ ትንሿ ስህተት ሁሉ ትታያለች። ከኛ በኋላ የሚመጡት የማኅበራችን ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ገና ባልዲያቸውን ሳያስቀምጡ «እናንተ ታበላሻላችሁ፣ እኛ እንሸፍናለን» እያሉ ያበሽቁናል። የኛዎቹ ደግሞ «ውሃና ቀለም መለየት ስትጀምሩ እናወራለን» ይሏቸዋል። እንዲህ እየተሰዳደብን ነው የሚመሸው።

የዚያን ቀን አሰልጣኙ ሲወርድ ጠብቄ ጓንቴን አወለቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ዘረጋሁ። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው! ሦስት ቦታ ላይ እጄ በራሱ ቆመ። አስተካከልኩት። በማግስቱ አሰልጣኙ መብራቱን ከጎን አበራበት። አጠፋና እንደገና አበራ። ከዚያ ቀለም ቀቢዎቹን ጠርቶ «ኑ፣ እናንተ የማትሸፍኑት ግድግዳ እዩ» አላቸው። ወደኔ ዞሮ «ማን አሳየሽ?» አለኝ። አጎቴ አልኩት። ያን ጊዜ እጄን አየ። በጥድፊያ የግራውን ጓንት ቀኝ እጄ ላይ አጥልቄው ነበር። መብራቱን አንስቶ ወረደ።

ትልቁን ወሬ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እዚህ ከተማው መካከል አንድ አሮጌ የሙዚቃ አዳራሽ አለ፣ ሊታደስ ነው። ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ የጣሪያው ጠርዝ ጌጥ ሁሉ በእጅ የተሠራ ነው። ማኅበሩ ከታላላቆቹ ባለሙያዎች ሥር የሚሠሩ ጥቂት ተለማማጆች መርጧል። አንዷ እኔ ነኝ። ያንን አዳራሽ የጨረሰ ሰው ከዚያ በኋላ ሥራ አይለምንም፣ ሥራ ነው የሚለምነው ይባላል። ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈለግሁት ይህንን ነው።

በጣቶቼ መካከል ትንሽ ያሳክከኛል፣ በተለይ ማታ ማታ። መልመድ የሚሉት ይሄ ይሆን? ካዞላውን ሰው እንዳገኘሁ እልካለሁ።

ልጅዎ፣ አመዴ።


ጥር 15

አሁንም ብዕሩ በልብስ ሰፊው እጅ ነው።

ለአመዴ፣ እጇ ለተባረከው። ሰላምታዬ ከእግርሽ እስከ ራስሽ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሳስነብብ ደስታዬ ልክ አጣ። «ማን አሳየሽ?» የሚለው ጋ ልብስ ሰፊውን ሦስት ጊዜ ደግመው አልኩት። በአራተኛው ሰለቸውና «አንተ አሳየሃት፣ ሰማን» አለኝ። ይሰልቸው። ሰፈር ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሁሉ አዳራሹን ሳልነግረው አልለቀውም፤ አሁን አንዳንዱ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ለእናትሽ ደብዳቤሽን ስናነብላት ስለ ማሳከኩ ያለውን ዘለልነው። አንድ ነገር ከሰማች እንቅልፍ የላትም፣ እኔንም አታስተኛኝም።

ማሳከኩ ምንም አይደለም። ሲሚንቶ አዲስ እጅ ሲያገኝ እንዲህ ይፈትነዋል። ማታ እጅሽን በሎሚ እሺው፣ ቀጥሎ ቫዝሊን። ውሃ የቋጠረ ነገር ቢወጣ አታፍርጪው። ጓንት ግን መልሰሽ አታድርጊ፤ እጅሽ መሐል መንገድ ላይ ነው፣ አሁን ከሸፈንሽው እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምሪ ነው። ለአሰልጣኙም አትንገሪ። እጇ ታመመ ካልሽው ከአዳራሹ አውጥቶ ሌላ ያስገባል። ያንን አዳራሽ በማሳከክ ልታጪው ነው?

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሐኪም ታሳይ ብለህ አጽፈኝ» አለኝ።

«አንተ መርፌ በወጋህ ቁጥር ሐኪም ዘንድ ትሮጣለህ?» አልኩት።

«መርፌ ይወጣል» አለኝ።

«ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ፊቱን ግን ጥሏል።

አይዞሽ። የኔ እህት ልጅ ነሽ፣ የኔ እጅ ነው ያለሽ። ስለ አዳራሹ ጻፊልኝ፤ ጣሪያው ስንት ክንድ ነው? ጌጡ አበባ ነው ወይስ ቅጠል? የጎደለውን የምትሞሉት በቅርጽ አፍስሳችሁ ነው ወይስ እንደ ድሮው በእጅ?

አጎትሽ።


የካቲት 28

ለጋሼ፤

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ካዞላውን ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬዋለሁ። አዳራሹ ሰፊ ነው። ጌጡ ቅጠል ነው። ሥራው ጥሩ ነው። እጄ እየለመደ ነው። ደብዳቤዬ ቢያጥርብዎ አይቀየሙኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እማዬን ሳሙልኝ።

አመዴ።


መጋቢት 30

ልብስ ሰፊው ነው የሚጽፈው፣ ቃሉ የኔ።

ለአመዴ። እንደምን አለሽልኝ? ካዞላው ደርሷል። እውነትም ቅጠል ነው። ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ ግን አጠረብኝ። ጌጡ ቅጠል ነው ብለሽ ዝም? አንቺ ድሮ ስለ አንድ ቅጠል ገጽ የምትሞይ ልጅ ነሽ። ይሁን፣ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ወረቀቱን መስኮት ጋ ወስዶ አገላብጦ አገላብጦ ያየዋል። ምን ሆነሃል አልኩት።

«ፊደሏ ልክ አይደለም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ይሄ የሷ ጽሑፍ አይደለም ልልህ ነበር፤ ግን የሷ ነው። እንደ ልጅ ተልቆ፣ ተንጋዶ ነው የተጻፈው። ብዕሩን በጣቷ ሳይሆን በጭብጧ ይዛው ነው።»

እኔ ፊደል የሚሉትን ቆሞም ይሁን ተንጋዶ አልለየውም። ለኔ ሁሉም አንድ ነው። ተቻኩላ ነው አልኩት። ደግሞ ወረቀቱ ዳር ላይ ቢጫ ነገር ደርቆበታል አለኝ። ቫዝሊን ነው አልኩት። «ቫዝሊን እንዲህ አይደርቅም» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ።

አመዴ፣ እኔ ደባብቆ ማውራት አልችልበትም። እጅሽ እንዴት ነው? አብዝቶብሽ ከሆነ ለጥቂት ቀን ጓንቱን አድርጊው። ለጥቂት ቀን ነው ያልኩት። እንደ ተሻለሽ ታወልቂዋለሽ። እናትሽ ደብዳቤሽን አምጡ፣ ልየው ብላ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ቀረ አልኳት። ቶሎ መልሽልኝ፣ ረዘም አድርጊው።

አጎትሽ።


ግንቦት 16

ልብስ ሰፊው ነው።

አመዴ፣ መልስሽ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት በዚህ ጉልበቴ ራሴ እየሄድኩ ነው። መስኮቷ ላይ ያለችው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ዛሬ ግን ተነስታ ወጣችና «አባባ፣ ሲመጣ እኔ ራሴ እልክብዎታለሁ፣ አይመላለሱ» አለችኝ። ሰው እንዲያዝንልኝ አልወድም። የዛሬውን ግን ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ስሚኝ። ጓንቱን አድርጊ። ለጥቂት ቀን ያልኩትንም ተይው፤ አድርጊውና አታውልቂው። ለአሰልጣኙ ንገሪው። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሎሚውን ተይው። ያልኩሽን ሁሉ ተይው። አዳራሹም ቢቀር ይቅር።

ልብስ ሰፊው ይህን ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

አጎትሽ።


ሰኔ 21

ለተከበሩ የጓደኛዬ አጎት፤

ይህን የምጽፈው እኔ ከእህትዎ ልጅ ጋር አንድ ክፍል የምኖር ጓደኛዋ ነኝ። ያገርዎ ልጅ ነኝ። ቃሉ የሷ ነው፣ እጁ የኔ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬ እንዴት ናት? ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የመጨረሻው የደረሰኝ ግን ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ነው። አይደንግጡ፣ አሁን ወጥቻለሁ። ሁለቱም እጆቼ እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ምግብም የምታጎርሰኝ ይቺ የምትጽፍልዎ ናት። ጉርሻዋ ትልቅ ነው፣ አንድ ቀን ታንቀኛለች። (ውሸቷን ነው።)

የሆነው እንዲህ ነው። ማሳከኩ አልተወኝም። ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ቆዳው ተሰነጣጠቀ። ሎሚው ሲነካው ዓለም ዞረችብኝ። እኔ ግን ይለምዳል ብዬ ቻልኩ። አዳራሹን መልቀቅ አልፈለግሁም፤ ጋሼ፣ ቢያዩት እርስዎም አይለቁትም ነበር። አንድ ቀን የጣሪያውን ጠርዝ እያለሰለስኩ ካዞላው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ጣቶቼ አልታጠፉልኝም። አሰልጣኙ መሰላሉን ወጥቶ መጣ፣ እጄን አየ። ሰደበኝ። ሰድቦኝ ሲጨርስ ፊቱን አዞረ። በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው።

ሐኪሟ ጀርባዬ ላይ የተለያየ ነገር ለጥፋ ፈተሸችኝ። ሰውነትሽ ሲሚንቶን ጠልቷል አለችኝ። ቁስሉ ይድናል። ጥላቻው ግን አይለቅም። ከእንግዲህ በጓንትም ቢሆን፣ አቧራው ልብሴ ላይ ቢያርፍ እንኳ ይመለሳል። እንዲህ ያለ እጅ አይለምድም፣ በነካው ቁጥር ይብስበታል አለች።

(እዚህ ላይ «ይህንን አትጻፊ» ብላኛለች። ይቆጡኝ፣ ግን እጽፈዋለሁ። ሐኪሟ «መጀመሪያ ባሳከከሽ ጊዜ ጓንት አድርገሽ ብትመጪ ኖሮ ምናልባት ሥራሽን አታጪም ነበር» ብላታለች። እኔ አብሬያት ነበርኩ።)

ማኅበሩ አልጣለኝም። አሰልጣኙ ስብሰባ ገብቶ ተከራከረልኝ። መስታወት ገጣሚዎቹ ክፍል ውስጥ ቦታ አለ፣ እንውሰድሽ ብለውኛል። ግን ከአንደኛ ዓመት፣ አዲስ ከገቡት ጋር፣ እንደገና ነው የምጀምረው። የልስኑ ሁለት ዓመት አይቆጠርልኝም። ወይ ደግሞ ሁሉንም ትቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ። አዲሱ ዙር ከመጀመሩ በፊት ቁርጡን ንገሪን ብለውኛል። ጋሼ፣ እኔ ማሰብ አቅቶኛል። ቀኑን ሙሉ እጄን እያየሁ ነው የምውለው። ምን ላድርግ? ልቅር ወይስ ልምጣ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ለእማዬ እርስዎ እንደሚሻል አድርገው ይንገሯት።

ልጅዎ፣ አመዴ።


ሐምሌ 18

ብዕሩን የያዘው ልብስ ሰፊው ነው። ቃሉ የኔ ነው፣ ቃል ካለኝ።

ለአመዴ። እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። እግዜር ይማርሽ። ህመሙን ያቅልልሽ፣ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ።

ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊው ሲያነብልኝ መሐል ላይ ድምፁን አቆመ። ዓይኑ ግን መስመሩ ላይ ይሄዳል። «ምን ዘለልክ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። «አንብብ» አልኩት። አነበበው። ለዚያች ጓደኛሽ፣ ለምትጽፍልሽ፣ መጻፏ ደግ አድርጋለች በያት። እንዳትቆጪያት። ከሷ ባልሰማው ኖሮ ከማን ልሰማው ነበር?

አሰልጣኙ ለግድግዳው አይጨነቅም ብዬሽ ነበር። ያንቺን እጅ ነው ሲጠብቅ የኖረው። እኔ የኔ እጅ ስለ ቻለ የሁሉ ሰው እጅ ይችላል ብዬ ኖርኩ። ብርታት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዕድል ነው። ድሮም ከመካከላችን እጁ ተልጦ፣ አንድ ቀን ቀርቶ፣ ሳይመለስ የጠፋ ነበር። ለምን እንደ ጠፋ የገባኝ አሁን ነው። ባንቺ እጅ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ ብዬ ስንት ቀን ተቀመጥኩ መሰለሽ። መጀመሪያ ነይ አልኩሽ። ልብስ ሰፊው ጻፈው። ሲያነብልኝ ደግሞ፣ መጥታ ምን ልትሠራ ነው? አልኩ። እዚህ የማውቀው ሰው ሁሉ ለሳኝ ነው፣ የማውቀው ሥራ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። አንቺን ይዤ የትኛውን በር አንኳኳለሁ? ቅደደው አልኩት። ከዚያ ቅሪ አልኩሽ፣ መስታወቱን ያዢ አልኩሽ። እሱንም ጻፈው። ሲያነብልኝ፣ አንተ ስለ መስታወት ምን ታውቃለህ? አልኩ ራሴን። በዕድሜዬ መስታወት የነካሁት ሰብሬ ከአለቃ የተደበቅሁ ዕለት ብቻ ነው። ሰው ይቆርጥ አይቆርጥ፣ ከፍታ ላይ ንፋስ ሲመታው ምን ያደርግ፣ ከአዲስ ልጆች ጋር አብሮ መቀመጥ ምን ያህል ያስከፋ፣ እኔ በምን አውቄ? ቅደደው አልኩት። ልብስ ሰፊው «ወረቀቱን ጨረስከው» አለኝ። አልተቆጣም። እሱ ሳይቆጣኝ ሲቀር የበለጠ ይከፋኛል።

«እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ» ብለሻል። ያንን ሲያነበው ጆሮዬን መያዝ አማረኝ። አመዴ፣ እንዲህ አትበይኝ። እኔ ያልኩሽን አድርገሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊልኛለሽ?

መጥቼ ላስታምምሽ ብል ጉልበቴ አሁን ፖስታ ቤት እንኳ አያደርሰኝም። የኔን ቆዳ ገፍፈው ይስጧት ብል ማን ይሰማኛል። ይህን ለልብስ ሰፊው ብነግረው «የአንተ ቆዳ እሷን አይበቃትም፣ አልቆ የለም እንዴ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

አላውቅም። ይህን ቃል ሳስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልብስ ሰፊውም «ልጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጻፈው አልኩት። ትቅሪ ትምጪ አላውቅም። አሰልጣኙን ጠይቂው። ሐኪሟን ጠይቂያት። መስታወት ገጣሚዎቹን ሥራቸው ላይ ሄደሽ እያቸው። ደግሞስ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ዙሩ ጀምሮ ይሆናል፤ አንቺም ወስነሽ ይሆናል። የወሰንሽውን ጻፊልኝ፣ ወይም ያቺ ልጅ ትጻፍልኝ። እኔ እሰማለሁ። ከመስማት ሌላ የምችለው የለም።

እናትሽ እስካሁን አታውቅም። ሥራ በዝቶባት ነው ያልኳትን እንዳመነች ነው ያለችው። ልነግራት ስንቴ ተነሳሁ። ፊቷን ሳይ ውሃ ስጪኝ እላታለሁ። ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሰሞኑን የጠጣሁት ውሃ ሌላ ነው። ትናንት «አንተ ሰውዬ፣ ስኳር ያዘህ እንዴ?» አለችኝ።

እግዜር እጅሽን ይማርልሽ። አጎትሽ ነኝ።

ልብስ ሰፊውን ብዬዋለሁ፦ በል፣ ብዕርህን አኑር። አሁን የልጅቷን ደብዳቤዎች ከመጀመሪያው አንብብልኝ፤ ስለ ጓንቱ ያለውን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ ምንም ሳታስቀር። ድምፅህንም ከፍ አድርግ። እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ እሷም ትስማው።